በፍርድ ቤት አደባባይ ስላየሁት ድንጋይ

የቅኔ ቤት ሰው ስለ ድንጋይ ምን ሊያወራ ነው ብላችሁ እንዳትታዘቡኝ አስቀድሜ ምክንያቱን ልንገራችሁ። እኔ በልጅነቴ በጎጃም ከዋሸራ ጀምሬ ከአንዱ ጉባኤ ወደ ሌላው ጉባኤ እየዞርሁ፥ ቍራሽ እየለመንሁና ውሻ እየተከላከልሁ ቅኔ የቈጠርሁ ሰው ነኝ። ከዚያ ወዲህ በሰማሁትና ባነበብሁት ነገር ሁሉ ሰሙን ከወርቁ መለየት ልማድ ሁኖብኝ ቀርቶአል። ዛሬ የምኖረው በአሜሪቃ፥ በጆርጂያ ግዛት፥ ከአትላንታ በስተ ምሥራቅ በሚገኘው በዲካልብ አውራጃ ውስጥ ነው። በዚህ አውራጃ፥ ይልቁንም በክላርክስተንና በዙሪያው የአገራችን ሰው ብዙ ስለ ሆነ፥ መንገድ ላይ በአማርኛ ሰላምታ ሳይሰጡ መዋል አይቻልም። የአውራጃው ዋና ከተማ ዲኬተር የምትባል ትንሽ ከተማ ናት። በዚች ከተማ በፍርድ ቤቱ አጠገብ ቆሞ የነበረ፥ ዛሬ ግን የሌለ አንድ ሐውልት ነበረ። እኔን ስላስተማረኝ፥ ኋላም ስለ ገሠጸኝ፥ ነገሩን ልጽፈው ወደድሁ። ዓመቶቹንና ወሮቹን የምጽፈው እንደዚያ አገር አቈጣጠር ነው።

መጀመሪያ ያየሁት በ2016 በበጋቸው ወራት ነበረ። ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ፈልገው የጋብቻ ፈቃድ ለማውጣት ወደ ፍርድ ቤቱ ሲሄዱ፥ ሽማግሌ አይጠፋም በማለት እኔንም ይዘውኝ ሄዱ። እነርሱ ወደ ውስጥ ገቡ፤ እኔ ከውጭ ቀረሁ። የፍርድ ቤት ነገር በየትኛውም አገር መጠበቅ ነውና፥ አደባባዩን እየተዘዋወርሁ መመልከት ጀመርሁ። በዚያ ሁለት ፍርድ ቤቶች አሉ። አሮጌው በግራጫ ድንጋይ የታነጸ፥ ዐምዶች ያሉት መልካም ሕንጻ ሲሆን፥ በ1898 ተሠርቶ በ1916 ተቃጥሎ እንደ ገና የታደሰ ነው፤ አሁን የታሪክ ዕቃ ማኖሪያ ሁኖአል። ሙግቱ የሚሰማው አጠገቡ በቆመው በረጅሙ በአዲሱ ሕንጻ ነው። ሐውልቱም በዚሁ አደባባይ ቆሞአል። ከሥሩ ሰፍቶ ወደ ላይ እየቀጠነ የሚሄድ፥ ቁመቱ ዘጠኝ ሜትር ያህል የሆነ ድንጋይ ነው። የአክሱምን ላየ ሰው ሕፃን ይመስላል፤ ቢሆንም ያምራል።

በአራቱም ገጽ ጽሕፈት ነበረበት። እንግሊዝኛ የተማርሁት በጕልምስናዬ ስለ ሆነ፥ እንደ ንባብ ቤት ሕፃን ፊደል እየነጠልሁ ነው የማነብበው። አንዱ ገጽ፥ ሐውልቱን ያቆሙት የዲካልብ አውራጃ ወንዶች፥ ሴቶችና ልጆች መሆናቸውን፥ ያቆሙትም ለደቡቡ መንግሥት ወታደሮችና መርከበኞች መታሰቢያ መሆኑን፥ ዓላማቸውም ፍርድ እንዲፈጸምና እውነት እንዳይጠፋ እንደ ሆነ ይናገራል። ሌላው ገጽ፥ እነዚያ ሰዎች ቃል ኪዳን ከሚጠብቅ ዘር የተወለዱ፥ የአባቶቻቸውን እምነት የያዙ፥ በሰላም ጊዜ ገሮች፥ በጦርነት ጊዜ ጀግኖች እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ሦስተኛው ደግሞ መሐላ የተቀደሰ ነው፥ ሰውም የሚታሰረው በተስማማበት ነገር ነው እያለ ይቀጥላል።

እውነቱን ልናገር፤ ልቤ ተነካ። ቃል ኪዳን የሚለውን ቃል በባዕድ አገር፥ በፍርድ ቤት ደጅ፥ በድንጋይ ላይ ተቀርጾ ማግኘት ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። በቃል ኪዳን ተወልደን በቃል ኪዳን የምንቀበር ሰዎች ነን። ስለዚህ በተከታዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተማሪዎቼን ሰብስቤ፥ «ይህ ሕዝብ የተሸነፉ ወታደሮቹን እንኳ እንዴት ባለ ቃል እንደሚያስብ ሂዳችሁ እዩ» ብዬ ነገርኋቸው። እንዲህ ማለቴን እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ እነርሱም እንዳይረሱት እፈራለሁ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ለሌላ ሰው ጕዳይ ተመልሼ ሄድሁ፤ እንደ ልማዴም ከድንጋዩ ሥር ቆሜ ስቀጽል፥ በአግዳሚው ወንበር ላይ የተቀመጠ አንድ ጥቍር አሜሪቃዊ ሽማግሌ ጠራኝ።

«አንብበው ጨረሱ?» አለኝ።

«ጨርሻለሁ» አልሁት።

«ስለ ምን እንደ ተዋጉ ይናገራል?»

«ስለ ቃል ኪዳንና ስለ መሐላ» ብዬ መለስሁለት።

ሽማግሌው ሳቀ፤ ሳቁ ግን የክፋት አልነበረም። «መልካም» አለ፤ «እንግዲህ የእኔ ቅድመ አያት በዚያ ቃል ኪዳን ውስጥ የት እንዳለች ፈልገው ያግኙልኝ»። እኔም የሚለው ስላልገባኝ አራቱን ገጽ ዞርሁ። ባርነት የሚል ቃል አላገኘሁም። ባሪያ የሚልም የለም። ተመልሼ «አላገኘኋትም» ብለው፥ «አዎን፥ እኔም ስድሳ ዓመት ሙሉ ፈልጌ አላገኘኋትም» አለኝ። ከዚህ በላይ አንድ ቃል አልጨመረም፤ ቀጥሎ ስለ ሙቀቱ ነው ያወራን።

ወደ ቤቴ ስመለስ በአውቶቡስ ውስጥ አፈርሁ። ቅኔ ተምሬአለሁ የምለው እኔ ሰሙን ብቻ ተሸክሜ ሂጄ ለደቀ መዛሙርት አከፋፈልሁ፤ ወርቁን ያወጣው ግን በአግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ የአገሩን ታሪክ መመርመር ጀመርሁ። መመርመሩም ብዙ ድካም አልጠየቀም፤ ነገሩ የተሰወረው ከድንጋዩ ላይ ብቻ ነበረና።

በ1861 የደቡብ ግዛቶች ከኅብረቱ ተለይተው የራሳቸውን መንግሥት ባቆሙ ጊዜ፥ ጆርጂያ ለምን እንደ ተለየች ራስዋ በጽሑፍ አውጃለች፤ ምክንያቱም የባርነት ነገር መሆኑን አልደበቀችም። የዚያ መንግሥት ምክትል ፕሬዚዳንት የሆነው የጆርጂያው ተወላጅ አሌክሳንደር ስቲቨንስ በዚሁ ዓመት በማርች ወር በሳቫና ከተማ ሲናገር፥ የአዲሱ መንግሥት የማዕዘን ድንጋይ ጥቍር ሰው ከነጭ ጋር እኩል አይደለም፥ ባርነትም የተፈጥሮ ቦታው ነው የሚለው አሳብ እንደ ሆነ በግልጥ ቃል ተናገረ። ግንበኞች ስለ ናቁት ስለዚያ ድንጋይ መዝሙረኛው የተናገረውንም ለዚህ ነገር ጠቀሰው። እኛ በትርጓሜ ቤት ስለ ማዕዘኑ ራስ ስንማር አንድምታው ብዙ እንደ ሆነ አይተናል፤ ይህን አንድምታ ግን የሰማ መምህር ያለ አይመስለኝም። ጦርነቱ በ1865 ሲያበቃ የሞተው ሰው ከ600 ሺህ በላይ ነበረ። አራት ሚሊዮን ያህል ሰውም ከባርነት ወጣ። በዲኬተርም ራስዋ በ1864 በጁላይ 22 ቀን፥ የአትላንታ ጦርነት በተደረገበት ዕለት፥ ውጊያ ተደርጎባታል።

ሐውልቱ ግን የቆመው ያን ጊዜ አይደለም። የቆመው በ1908 ነው፤ ሰላም ከሆነ ከ43 ዓመት በኋላ። ይህን ባወቅሁ ጊዜ፥ ለሙታን ማልቀስ ይህን ያህል ለምን ዘገየ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። መልሱ ከሐውልቱ ዙሪያ ባለው ዘመን ይገኛል። በ1906 በሴፕቴምበር በአትላንታ የነጭ ሕዝብ ተነሥቶ በጎዳና ላይ ብዙ ጥቍሮችን ገደለ። በዚያው በ1908 ደግሞ የጆርጂያ ሕገ መንግሥት ተሻሽሎ፥ መምረጥ የሚሻ ሰው ንባብ ይፈተን፥ ወይም ንብረት ይኑረው፥ ወይም ይህን የመሰለ ሌላ ነገር ያሟላ ተባለ። ይህ ሁሉ የተደረገው ጥቍሩን ከምርጫ ለማስወጣት ነው። ነጩ ድኻ አብሮ እንዳይወጣስ ምን ተደረገ ብትሉ፥ በጦርነት ያገለገለ ሰው፥ የደቡቡ መንግሥት ወታደርም ቢሆን፥ እርሱና ልጁ የልጅ ልጁም ያለ ፈተና ይመርጣሉ ተብሎ ተጻፈ። እንግዲህ በድንጋዩ ላይ የተወደሱት ወታደሮችና መርከበኞች፥ በዚያው ዓመት በሕጉ ውስጥም ገብተዋል። ድንጋዩ ከውጭ፥ ሕጉ ከውስጥ፥ የሚናገሩት አንድ ነገር ነው። ወደ ፍርድ ቤቱ የሚገባ ጥቍር ሰው ሁሉ በዚያ ድንጋይ አጠገብ እያለፈ ነበረ የሚገባው፤ ተከሳሽም ይሁን ከሳሽ፥ ምስክርም ይሁን።

የሞቱትን ወታደሮች እኔ አልረግምም። ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ፤ እናቶቻቸውም አልቅሰዋል። ያቆሙት ሴቶች ማኅበር አባሎችም ምናልባት ከመካከላቸው አባቷን ያላየች ትኖር ይሆናል። የእናት ልቅሶ ግን አንድ ነገር ነው፤ ልቅሶውን ወስዶ የፍርድ ቤት በር መቃን ማድረግ ሌላ ነገር ነው።

የከተማው ሰዎች፥ ጥቍሩም ነጩም፥ ተባብረው ድንጋዩ ይነሣልን ብለው ብዙ ዓመት ደከሙ። የግዛቱ ሕግ ግን እንዲህ ያለውን ሐውልት ማንሣት ይከለክል ነበረ። ቢቸግራቸው በሴፕቴምበር 2019 አጠገቡ ሌላ ጽሕፈት ተከሉ፤ ይህም ሐውልቱ የቆመው የነጭን የበላይነት ለማጽናት እንደ ሆነ ለአላፊ አግዳሚው የሚያስረዳ ነበረ። ይህን ባየሁ ጊዜ ሳቄ መጣ፤ በቅኔ ቤት ቅኔውን የዘረፈው አንድ፥ የሚፈታው ሌላ ነውና፥ ድንጋዩም ከ111 ዓመት በኋላ ፈቺ አገኘ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት በአሜሪቃ ከተሞች ሁሉ ሕዝብ ስለ ፍትሕ ወደ አደባባይ በወጣ ጊዜ፥ የአውራጃው ዳኛ ክላረንስ ሲሊገር በጁን 12 ቀን 2020 ሐውልቱ ለሕዝብ ሁከት ምክንያት ሁኖአልና ይነሣ ብሎ ፈረደ። በጁን 18 ሌሊት፥ የባርነት ማብቂያ በሚከበርበት በዓል ዋዜማ፥ ትልቅ የማንሻ መኪና መጥቶ ሕዝቡ እያየ እየጮኸም ድንጋዩን ከሥሩ ነቀለው። እኔ በስልክ አየሁት፤ በማግሥቱ ሄጄ ባዶውን ቦታ ተመለከትሁ።

እዚያ ቆሜ ሳለሁ፥ የድንጋዩ ቃል በአእምሮዬ ተመለሰ። ፍርድ እንዲፈጸም፥ እውነትም እንዳይጠፋ ብለው ነበረ የጻፉት። ይኸው ከዚያው አደባባይ፥ ከፍርድ ቤት፥ ፍርድ ወጣ፤ እውነቱም አልጠፋም። ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ቢሞት ይሻላል ብሎ በተናገረ ጊዜ፥ የሚናገረውን ሳያውቅ ትንቢት ተናገረ ተብሎ ተጽፎአል። እነዚህም እንደዚሁ ሳያውቁ በገዛ ድንጋያቸው ላይ ትንቢት ቀርጸው ነበረ። ይህን አሳብ ይዤ ወዲያው አንድ ጉባኤ ቃና ዘረፍሁበት፤ ለወዳጆቼም ብነግራቸው ደስ አላቸው። እኔም ደስ አለኝ። እንዲያውም ተመጻደቅሁ ማለት ይሻላል።

አምስት ወር አልሞላም። በኖቬምበር 2020 በገዛ አገራችን በሰሜን በኩል የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ሳልጽፈው ግን ስለ ድንጋዩ የጻፍሁት ሁሉ ሐሰት ይሆንብኛል። በዚያ የጦርነት ዘመን፥ በአንድ ታላቅ በዓል፥ ሕዝቡ በተሰበሰበበት መወድስ ተቀኘሁ። ሰሙ ፈርዖንና ሠራዊቱ በባሕር መስጠማቸው ነበረ። ወርቁ ከሁለቱ ወገኖች የአንዱ ድልና የሌላው ጥፋት ነው። የትኛውን እንዳወደስሁ አልጽፍም፤ ያን ከጻፍሁ አንባቢ ግማሹ ይፈርድልኛል፥ ግማሹም ይፈርድብኛል፥ ሁለቱም ከነገሩ ይወጣሉ። ቅኔው ሞላልኝ፤ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» አሉ። በልጅነቴ ይህን ቃል ለመስማት ስንት ሌሊት በብርድ እንዳደርሁ የቅኔ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ጣፈጠኝ።

ጥንት ቅኔ ተነግሮ ያልፍ ነበረ። የዛሬ ቅኔ ትኵስ ነው፥ ነገ አይደገምም እንል ነበረ። ያን ቀን ግን አንዱ በእጅ ስልኩ ቀርጾ ከነትርጓሜው ወደ ብዙ ሰው ሰደደው። ያለፈ የመሰለኝ ቃሌ ቆሞ ቀረ። ከሴቶች መቆሚያ በኩል ደግሞ አንዲት እናት ቆማ ነበረች፤ ልጅዋ በዚያ በሰመጠው ወገን ውስጥ ወታደር ነበረ። የሞቱን ወሬ ከሰማች ገና ሁለት ወር አልሞላትም። ግእዝ አታውቅም፤ ትርጓሜው ግን በስልኳ ደረሰላት። ከዚያ እሑድ በኋላ ከቤተ ክርስቲያናችን ቀረች። እኔ መቅረቷን አየሁ፤ ምክንያቱንም አወቅሁ፤ ነገር ግን ጊዜው ይለፍ እያልሁ ሦስት ዓመት ተኵል ዝም አልሁ። በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት ሲፈረም እንኳ፥ አሁንስ እሄዳለሁ ብዬ አልሄድሁም።

በኦገስት 24 ቀን 2024 በዲኬተር አዲስ ሐውልት ይመረቃል ተብሎ ሰማሁና ሄድሁ። በአሮጌው ድንጋይ ቦታ ላይ የጆን ሉዊስ የነሐስ ምስል ቆሞአል፤ ቁመቱ አራት ሜትር የማይሞላ፥ የጃማይካው ተወላጅ ባዚል ዋትሰን የሠራው ነው። ሁለት እጆቹን በደረቱ ላይ አሳርፎአል። ይህ ሰው የአላባማ ገበሬ ልጅ ነበረ፤ በልጅነቱ ለዶሮዎች ይሰብክ ነበረ ይባላል፥ እኔም ለጠቦቶች ቅኔ እነግር ስለ ነበረ ይህን ስሰማ ወደድሁት። በማርች 7 ቀን 1965 በሰልማ ከተማ፥ ጥቍሮች ድምፅ እንዲሰጡ ይፈቀድ ብሎ በሰላም ሲሄድ፥ ፖሊሶች በዱላ ራሱን ፈንክተው አጥንቱን ሰበሩት። በዚያው ዓመት የምርጫ መብት ሕግ ወጣ። ከ1987 ጀምሮ በ2020 በጁላይ እስኪሞት ድረስ በአሜሪቃ ምክር ቤት የጆርጂያ እንደራሴ ነበረ። እንግዲህ በ1908 የተወሰደውን ምርጫ በደሙ ያስመለሰ ሰው፥ የ1908ቱ ድንጋይ በተነቀለበት ቦታ ቆመ። ይህን የመሰለ ቅኔ እኔ አልችልም።

ሕዝቡ ሲዘምር ሲያጨበጭብ እኔ የወንበሩን ሽማግሌ በዓይኔ ፈለግሁት። አላገኘሁትም። ያን ጊዜ፥ «ቅድመ አያቴ የት እንዳለች ፈልገው ያግኙልኝ» ያለኝ ቃል በሌላ ድምፅ መጣብኝ፤ በዚያች እናት ድምፅ። የእኔን መወድስ ብትዞረው፥ ልጅዋን በየትኛው ቤት ታገኘዋለች? በፈርዖን ሠራዊት ውስጥ፥ ስም የሌለው ሁኖ፥ ከፈረሱ ጋር ሰጥሞ። ባለ ዘጠኝ ሜትሩን ድንጋይ ለመንቀል ፍርድ ቤትና ማንሻ መኪና ነበረ፤ የእኔን ግን ማን ይነቅለዋል?

በተከታዩ ቅዳሜ ወደ ቤትዋ ሄድሁ። በሩን ከፍታ ባየችኝ ጊዜ አልተቈጣችም፤ «ይግቡ መሪጌታ» አለችኝ። ቡና አፈላች። ሦስተኛው እስኪወርድ ድረስ ስለ ቤት ኪራይ፥ ስለ ጕልበት ሕመም፥ ስለ ሥራ ሰዓት ተነጋገርን። ከዚያም ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፥ «እኅቴ፥ ስለዚያ ቅኔ ይቅር ይበሉኝ» አልኋት።

ዝም አለች። ቈይታ፥ «ግእዙን አላውቀውም» አለች። «ወንድሜ ግን ሲተረጕምልኝ፥ ነገሩ ያማረ ነው አለ። ያማረ ነው ያለኝ ነው የጐዳኝ»።

የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። እርስዋም ይቅር ብያለሁ አላለችም፤ እንዳለችኝ አድርጌ እንዳልጽፍ እጠነቀቃለሁ። ልነሣ ስል ግን፥ «በቤተ ክርስቲያን የሙታን ስም የሚጠራበት መዝገብ በእርስዎ እጅ ነው ይባላል» አለችኝ። «አዎን» አልሁ። «የእርሱ ስም አለበት?» አለች። እንደሌለበት ሁለታችንም እናውቅ ነበረ።

መዝገቡ ከቦርሳዬ ውስጥ ነበረ፤ አውጥቼ በጕልበቴ ላይ ዘረጋሁት። በዚያ መዝገብ የሚጻፈው የክርስትና ስም ብቻ ስለ ሆነ፥ ማን ከየትኛው ወገን እንደ ሞተ ከንባቡ አይታወቅም። የክርስትና ስሙን ነገረችኝ። እንደ ልማዴ ከስሙ አጠገብ አንድ የማጽናኛ ቃል ልጨምር ብዕሬን ባነሣሁ ጊዜ እጅዋን በገጹ ላይ አደረገችና፥ «ይብቃ፥ መሪጌታ፤ ምንም አይጨምሩበት» አለችኝ።

ስሙን ብቻ ጽፌ መዝገቡን ዘጋሁት።